ፕሌትሌት ሲያንስ ጉበትን መጠየቅ

የደም ቆጠራ ማሽን ቫይረስ አያይም። ጉበትን ከሚያጠቁት ቫይረሶች ሄፓታይተስ ቢን የሚለየው የኤችቢኤስ አንቲጂን ምርመራ ነው፤ ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ በአንቲቦዲ ምርመራ ተጠርጥሮ በቫይረሱ የዘረመል ምርመራ ይረጋገጣል። ይህን እያወቅሁ ነው የቆጠራውን ውጤት ለጉበት መጠቆሚያ ማድረግ የጀመርኩት። የደም ቆጠራ ለማንኛውም ታካሚ ይታዘዛል፤ የሄፓታይተስ ምርመራ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ዐይኑ ቢጫ ለሆነ ሰው ነው። ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ያለበት ሰው ደግሞ ዐይኑ ሳይቀየር፣ አንዳች ሕመም ሳይሰማው ለዓመታት ይኖራል።

ዋናው የማየው ፕሌትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ጥቃቅን የደም ክፍል ነው። ጉበት ጠባሳ ሲይዝ ወደ እሱ የሚሄደው ደም ይታገዳል፤ ጣፊያ ያብጥና ፕሌትሌቶችን ይዞ ያስቀራል። መቅኔ ፕሌትሌት እንዲያመርት የሚያዘው ሆርሞንም በአብዛኛው የሚመነጨው ከጉበት ስለሆነ ምርቱ ራሱ ይቀንሳል።

ቁጥሩ በማይክሮ ሊትር ከ150 ሺህ በታች ሲሆን መጀመሪያ ስላይድ አዘጋጅቼ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። በአንዳንድ ሰዎች ደም፣ እንዳይረጋ ተብሎ በቱቦው ውስጥ የሚደረገው ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል ፕሌትሌቶችን ያጣብቃል፤ ማሽኑም የተጣበቁትን እንደ ፕሌትሌት አይቆጥራቸውም። የስላይዱ ጠርዝ ላይ ተከማችተው ካገኘኋቸው በሲትሬት ቱቦ እንደገና ደም እወስዳለሁ፤ ፈሳሹ ደሙን ስለሚያቀጥነው ውጤቱን በ1.1 አባዛለሁ። ይህን እርምጃ ዘልሎ ሰውን በጉበት መጠርጠር ትልቅ በደል ነው።

ስላይዱ ላይ የተጣበቀ ፕሌትሌት ከሌለ ወባ መኖር አለመኖሩን አያለሁ። ቢልሃርዝያና ካላዛርም ጣፊያን አሳብጠው ፕሌትሌትን ስለሚቀንሱ ሐኪሙ ታካሚው ከየት እንደመጣ እንዲጠይቅ አሳስባለሁ። ከዚያ በውጤት ወረቀቱ ላይ "የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ ቢታሰብ" ብዬ እጽፋለሁ።

አንድ ገበሬ ለቡአ ቀዶ ሕክምና መጥተው ፕሌትሌታቸው 90 ሺህ ሆነ። "ጋሼ፣ ጉበትዎን ተመርምረው ያውቃሉ?" አልኳቸው። "ምኔን አመመኝ ብዬ ልጄ?" አሉኝ። የኤችቢኤስ አንቲጂን ምርመራቸው ፖዘቲቭ ሆነ። ኤኤስቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም 72 ነበር። ይህ ለላቦራቶሪያችን ጣሪያ ለሆነው 40 ሲካፈል 1.8፣ እሱም በሺህ ለተቆጠረው ፕሌትሌት፣ ለ90፣ ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 2 ይሆናል። ይህ ስሌት አፕሪ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሄፓታይተስ ቢ መመሪያ ከ0.5 በላይ ከፍ ያለ የጉበት ጠባሳን፣ ከ1 በላይ ደግሞ ሲሮሲስን፣ ማለትም ጉበት በጠባሳ የተሞላበትን የመጨረሻ ደረጃ ያመለክታል። ውድ መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታል ሕክምና መጀመር ያለበትን ሰው ለመለየት የሚያስችል ቁጥር ከደም ቆጠራና ከአንድ የኢንዛይም ምርመራ መገኘቱ ለእኔ እጅግ ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉ አጥብቄ የያዝኩት ግን ተቃራኒውን ነው፤ ጤናማ የደም ቆጠራ ከሄፓታይተስ ነጻ መሆንን አያሳይም። ጠባሳ ያልጀመረው ሰው ፕሌትሌቱ ሙሉ ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡሮችና የታካሚ ቤተሰቦች ቆጠራቸው ምንም ይሁን ምን በቀጥታ ለቫይረሱ መመርመር አለባቸው።

ገበሬው ቴኖፎቪር የተባለውን የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት ጀመሩ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸውም ተጠሩ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱትን ትልልቆቹን ልጆች አስቀድመን መረመርን።