«ያ ጥቁሩ ፕሮግራም እምቢ አለ»

ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 ላይ ድጋፉ ካበቃ ወዲህ የሚደወልልኝ ስልክ አንድ አይነት ሆኗል፣ «አዲስ ኮምፒውተር ገዛን፣ ያ ጥቁሩ ፕሮግራም እምቢ አለ»። ጥቁሩ ፕሮግራም ማለት ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ዶስ በሚባለው ሲስተም ላይ የሚሰራ፣ ክሊፐር ወይ ፎክስፕሮ በሚባሉ የድሮ ፕሮግራም መስሪያዎች የተሰራ የዕቃ መመዝገቢያ ነው፣ የሰራው ልጅ ድሮ አሜሪካ ገብቷል፣ ሶርስ ኮዱ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፣ የመጋዘኑ ሂሳብ ግን በሙሉ እዛ ውስጥ ነው።

ለምን እምቢ እንዳለ ባጭሩ። 32 ቢት ዊንዶውስ ውስጥ ኤንቲቪዲኤም የሚባል ነገር ነበር፣ የዶስ ፕሮግራም ስትከፍቱ የሚያስነሳላችሁ እሱ ነው። እሱ የሚሰራበት ቨርቹዋል 8086 የሚባለው የፕሮሰሰር ሞድ ደሞ ፕሮሰሰሩ በ64 ቢት ሲሰራ የለም፣ ስለዚህ ማይክሮሶፍት 64 ቢቱ ላይ ጭራሽ አላስገባውም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ 32 ቢት የሚባል የለውም። አለቀ፣ ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ ምናምን እያላችሁ አትድከሙ።

ብዙ ሰው ሮጦ የሚጭነው ዶስቦክስን ነው፣ የድሮ የዶስ ኮምፒውተርን የሚያስመስል ፕሮግራም (ኢሙሌተር) ማለት ነው። ጎበዝ ነው ግን ለጌም ነው የተሰራው፣ የዋናው ቨርዥን 0.74-3 ራሱ የ2019 ነው። ቢሮ ስትወስዱት ፕሪንት አያደርግም፣ ሁለት ሰው አንድ ዳታ ላይ ሲገባም ፋይል መቆለፉ ላይ አይታመንም። እኔ የምጭነው ከሱ የወጣውን ዶስቦክስ ኤክስን ነው፣ ጽሁፍ ብቻ ለሚያሳይ ፕሮግራም ደሞ ቪዶስ አለ።

ፕሪንተር ግን ወገብ ይቆርጣል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ኤልፒቲ 1 የሚባለውን ፓራለል ፖርት ብቻ ነው፣ አዲሱ ኮምፒውተር እሱ የለውም፣ ሰውየው ከፓራለል ወደ ዩኤስቢ የሚቀይረውን ገመድ ገዝቶ ይጠብቃችኋል፣ ገመዱ ደሞ ለዊንዶውስ የዩኤስቢ ፕሪንተር ነው እንጂ ኤልፒቲ 1 አይሆንም። ዶስቦክስ ኤክስ ሴቲንግ ላይ ፓራለል 1 የሚለውን ፕሪንተር በሉት፣ ፕሪንትአውትፑት የሚለውንም ፕሪንተር በሉት፣ ራሱን የኤፕሰን ፕሪንተር አስመስሎ ከፕሮግራሙ የመጣውን ይቀበልና ለዊንዶውስ ፕሪንተር ያስተላልፋል። ከዛ ማርጅን ማስተካከል ነው፣ እሱ ላይ ትዕግስት ይስጣችሁ።

ሌላው ተርቦ ፓስካል በሚባለው የድሮ ፕሮግራም መስሪያ የተሰራ ከሆነ ገና ሲነሳ «ረንታይም ኤረር 200» ብሎ ሊሞት ይችላል። ፕሮግራሙ አልተበላሸም፣ ኮምፒውተሩ ፈጥኖበት ነው፦ ሲነሳ ፍጥነት ለመለካት ይቆጥርና ቁጥሩን ለ55 ያካፍላል፣ መልሱ በ16 ቢት አልያዝ ሲል በዜሮ የተካፈለ ይመስለዋል። ዶስቦክስ ኤክስ ላይ ፍጥነቱን የሚወስነውን ሳይክል የሚባለውን ሴቲንግ 3000 አካባቢ አድርጉት፣ ዝም ይላል።

ኢሙሌተሩ የማያስተካክለው ነገርም አለ። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2 ዲጂት የሚይዙ ፕሮግራሞች ፈረንጅ ለ2000 ሲንቀጠቀጥ እነሱ ገና 92 ላይ ነበሩ፣ የነሱ ጣጣ የመጣው በኛ ሚሌኒየም ነው፣ 00 ከ99 በፊት ይሰለፋል፣ ሪፖርቱም ተገልብጦ ይወጣል። ይሄን አስተካክል ስትሉኝ የምነካው ኮድ የለኝም ጎበዝ።

የኢሙሌተሩ አዲስ ቨርዥን ሲወጣስ? አሮጌው ፎልደር ላይ አትጫኑበት። ሌላ ፎልደር ውስጥ አድርጋችሁ፣ ዳታውን ኮፒ አድርጋችሁ፣ በኮፒው አስነሱና አንድ ገጽ ፕሪንት አውጥታችሁ ከድሮው ጋር አስተያዩ። የሚሰራውን ኢንስቶለርም ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ዶሱ ፕሮግራም እኮ ራሱ አይቀየርም፣ የሚቀየረው መሃል ያለው ኢሙሌተር ነው፣ ዊንዶውስ ደሞ አፕዴት ከማድረግ አያርፍም።

የክሊፐርና የፎክስፕሮ ዳታ የሚቀመጥባቸውን ዲቢኤፍ ፋይሎች ሊብሬኦፊስ ካልክ የሚባለው እንደ ኤክሴል ያለ ፕሮግራም ይከፍታቸዋል፣ አዲስ ሲስተም ለመግዛት ያሰበ ካለ ዳታው እንደዛ ይወጣል። ግን በኮፒው ብቻ፣ ዋናውን ከፍታችሁ ሴቭ ካላችሁ ኢንዴክሱ (ፕሮግራሙ ዳታውን ቶሎ የሚያገኝበት ፋይል) ከዳታው ጋር ይጣላል። እኔ ግን እንኳን ቀየሩ አልልም፣ ማውስ ሳይነኩ በኤፍ ቁልፎቹ ብቻ ደንበኛ የሚሸኙ አንድ የመጋዘን እናት አውቃለሁ፣ አዲሱን ሲስተም አሳዩዋቸው፣ «ይሄ ለማን ነው የሚያጫውተው» ብለው ወደ ጥቁሩ ተመለሱ።