«መጣሁ» ብሎ መሄድ

ዛሬ ሮም ውስጥ፣ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ አንሶላ ሳጥፍ ዋልኩ። አለቃዬ በመጣ ቁጥር «ፒዬጋ!» ይለኛል። እጠፍ ነው በጣልያንኛ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሩማንያዊቷ ሽርጧን ፈታች። «ፕሌክ» አለች። ሄድኩ ማለቷ ነው። ወዲያው ተተኪዋ የፔሩ ልጅ ደወለች። «ያ ዬጎ!» ደረስኩ፣ ደረስኩ። (ገና አውቶቡስ ውስጥ ነች፤ ጫጫታው ይሰማል።)

ሦስቱም ቃላት የአንድ እናት ልጆች ናቸው ብል ታምኑኛላችሁ? እናትየዋ የላቲኑ «ፕሊካሬ» ነች፤ ማጠፍ። ጣልያንኛ ትርጉሙን እንዳለ ያዘው። ስፓኒሽ መድረስ አደረገው፣ ፖርቱጋልኛም «ሼጋር» ብሎ ተከተለው። ሩማንያኛ ጭራሽ መሄድ! እንደሚባለው ከሆነ መርከበኛ ሸራውን የሚያጥፈው ወደብ ሲደርስ ነው። ወታደር ግን ድንኳኑን የሚያጥፈው ሊሄድ ሲል። ትንሽ ያማረ ተረት ይመስላል፣ ግን ወደድኩት።

የፔሩዋ ልጅ በስንት ጊዜዋ ገባች። እኔ ቡና ላመጣ እየወጣሁ ለአበሻዋ ባልደረባዬ «መጣሁ» አልኳት። ልጅቷ ትርጉሙን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በሩን አየች፣ እኔን አየች።