የተልባ ወለልና የጋዜጣ ኮርኒስ

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ቤት የገዛ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ አቅም የሚፈቅደው ቤት ብዙውን ጊዜ አሮጌ ነው። የእኛው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1956 የተሠራ የጡብ ቤት ነው። ጡቡ ገና መቶ ዓመት የሚቆም ይመስላል። ውስጡ ግን የቀድሞ ባለቤቶች በየዘመናቸው የደራረቡት ምንጣፍ፣ የግድግዳ ወረቀትና ቀለም ነበር። ልጃችን አስም ስላለበት ባለቤቴ ዕድሳቱን ስታስብ ከውበቱም ከዋጋውም በፊት ያሳሰባት የምንተነፍሰው አየር ነበር።

ወደ ትልልቆቹ የግንባታ ዕቃ መደብሮች ስንሄድ ምርጫው የቀለለ መሰለን፤ ተፈጥሮአዊ ያልተባለ ዕቃ የለም! የቀለሙ ቆርቆሮ ላይ ቅጠል፣ የወለሉ ካርቶን ላይ ቅጠል፣ የሙጫው ጠርሙስ ላይ ሳይቀር ቅጠል ተስሏል። ቅጠል ለመሳል ፈቃድ የሚጠይቅ ስለሌለ ሥዕሉን ትተን ከጀርባ ያለውን ቁጥር ማንበብ ጀመርን። ለምሳሌ የግድግዳ ቀለም ሲደርቅ ወደ አየር የሚተኑ ኬሚካሎች አሉት። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለደብዛዛ ቀለም በሊትር እስከ 250 ግራም ይፈቅዳል። «ዜሮ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ግራም በታች ነው። ነገር ግን ያ ቁጥር የሚናገረው ስለ ነጩ መሠረት ነው። መደብሩ ውስጥ የሚጨመረው ማቅለሚያ የራሱን ትነት ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ማቅለሚያውም ዜሮ መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። ጠቆር ባለ መጠን ማቅለሚያው ይበዛልና እኛም ነጣ ያለውን መረጥን።

ከአዲሱ ቀለም በፊት ግን የአሮጌው ጉዳይ አለ። አሜሪካ ሊድ የሚባለውን የእርሳስ ማዕድን ከቤት ቀለም ያገደችው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ግድግዳ ሲፋቅ አቧራው ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከ2010 ወዲህ እንዲህ ያለውን ቤት በክፍያ የሚያድስ ሠራተኛ የተለየ ሥልጠናና የምስክር ወረቀት እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። በእኛ ሰው ዘንድ ይህ ወረቀት እንደ ቅንጦት ይቆጠራል፤ «የአገር ልጅ ነው፣ በግማሽ ዋጋ ይሠራልናል» ብሎ የማይመክረን ዘመድ አልነበረም። እንደ ዕድል ሆኖ ያገኘናቸው ሥራ ተቋራጭ የአገር ሰውም ወረቀት ያላቸውም ናቸው። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ሳላቸው ግን የማይቆጠብ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጋሼ መጀመሪያ ያዩት ምድር ቤቱን ነው። ወለሉ ላይ ጎናቸው ዘጠኝ ዘጠኝ ኢንች የሆነ ጥቁር ቡናማ ንጣፎች ነበሩ። ጎንበስ ብለው አዩና «ይኼ እንዳይነካ» አሉ። በዚያ ዘመን ይህ መጠን ያለው ንጣፍ ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ የሚባል፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ቃጫ መሰል ማዕድን ነበረበት፤ የተለጠፈበት ጥቁር ማጣበቂያም እንዲሁ። ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ልከን አስቤስቶስ እንዳለበት ተረጋገጠ። ነቅሎ ማስወገድ ውድ ነው፤ ካልተሰነጠቀ ደግሞ ባለበት መተው የተሻለ ነው፤ አደጋው ሲሰበርና ሲቦነን ነው። ስለዚህ ሳንቸነክር ሳንፍቅ ከላዩ ምንጣፍ ዘረጋንበት።

ፎቅ ላይ ደግሞ የተደበቀው ጌጥ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ያለውን የቆሸሸ ምንጣፍ ከጥግ ገለጥ ሲያደርጉት የኦክ እንጨት ወለል ወጣ። እኔ እስከዚያ ድረስ ልቤ የሄደው ወደ ቀርከሃ ነበር። ቀርከሃ በጥቂት ዓመታት ስለሚደርስ ደን አያስጨርስም ይባላል፤ ይህ እውነት ነው። ግን መደብሩ ውስጥ ያየሁት ከቻይና ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣ፣ በሙጫ ተጣብቆ የተጠቀጠቀ ነው። (ከአፍሪካ ሰፊውን የቀርከሃ ደን ይዛ የተቀመጠችው ኢትዮጵያ ናት፤ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ። የቻይናውን ካርቶን እያገላበጥኩ ይህን ማሰቤ አልቀረም።) ኦክ ወለሉን ማንም ከየትም ማጓጓዝ አላስፈለገውም። ጋሼ አቧራ የሚስብ ማሽን አምጥተው ላጉትና ውኃ መሠረቱ የሆነ ቫርኒሽ ቀቡት።

ማድ ቤቱ ነው ያጨቃጨቀን።

አሮጌው ካቢኔት ችፑድ ነበር፣ በውኃ አብጦ የፈራረሰ። አዲስ ችፑድም አለ፤ ክፋቱ ብናኙን የሚያያይዘው ሙጫ ፎርማልዴኃይድ የሚባል ጋዝ ቀስ እያለ መልቀቁ ነው። አሜሪካ ከ2019 ወዲህ የሚሸጠው ችፑድ የተወሰነውን መጠን ማክበሩን የሚገልጽ ምልክት እንዲኖረው ታስገድዳለች፤ ይህን ምልክት ሳያዩ መግዛት አይገባም። እኛ ግን ኤድመንስተን ሜሪላንድ ወዳለው ኮሙኒቲ ፎርክሊፍት ወደሚባለው መጋዘን ሄድን። እዚያ የሚሸጠው ከፈረሱና ከታደሱ ቤቶች የወጣ በር፣ መስኮት፣ ቧንቧና ካቢኔት ነው። ከአንድ ሀብታም ቤት የተነቀለ፣ ሙሉ በሙሉ ከሜፕል እንጨት የተሠራ ካቢኔት አገኘን። ሙጫው ሊተን የሚችለውን ያህል ገና ድሮ ተንኖ አልቋል።

የአክስቴ ልጅ ሊያየን መጥቶ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «አሜሪካ ድረስ መጥተህ ከቆራሌ ትገዛለህ?» አለኝ። ምናለሽ ተራ ያደገ ሰው እንዲህ ሲል አለመሳቅ ያስቸግራል። እዚያ ከበርሜል ምድጃ፣ ከጎማ ጫማ፣ ከፈረሰ ቤት እንጨት አልጋ ሲወጣ እያየ ነው ያደገው። ስደት ግን አንዳንዱን ሰው እንዲህ ያደርገዋል፤ አዲስ ዕቃ ከካርቶን ካልወጣ የደረስንበትን ደረጃ የሚመሰክርልን አይመስለውም። አሁን እሱም ለራሱ ቤት በር እየፈለገ ነው፣ ከዚያው መጋዘን።

ካቢኔቱ ላይ የሚቀመጠውን ድንጋይ በተመለከተ ባለቤቴ የፈለገችው እንደ ጎረቤቶቻችን ኳርትዝ ነበር። ጋሼ እስከዚያ ድረስ በምርጫችን ገብተው አያውቁም። ያን ቀን ግን መለኪያቸውን አጠፉና «ልጄ፣ ሌላውን እንደ ፈለጋችሁ። ኳርትዝ ብቻ አታስቆርጠኝ» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ፣ ምን አለበት?»

«ይኼን ሳል የምታገሠው በብርድ ይመስልሃል?»

ኳርትዝ ተብሎ የሚሸጠው የተፈጨ ድንጋይ ሬዚን በሚባል ሙጫ ተጣብቆ የሚሠራ ሰሌዳ ነው። ከ90 በመቶ በላዩ አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ሲሊካ የሚባል ማዕድን ሊሆን ይችላል፤ ግራናይት ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ከ45 በመቶ በታች ነው። ሰሌዳው በደረቁ ሲቆረጥ ዓይን የማያየው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ሳንባውም ይጠጥራል። ሲሊኮሲስ ይባላል፤ ፈውስ የለውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በዚህ ሥራ የታመሙት አብዛኞቹ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ስደተኞች ናቸው፣ ብዙዎቹም ገና ወጣቶች። አውስትራሊያ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን ሰሌዳ ሙሉ በሙሉ አግዳለች። ጋሼ ዛሬ ጭንብልና ውኃ ይጠቀማሉ፤ በወጣትነታቸው ግን ማንም አልነገራቸውም።

መደብሩ ውስጥ ያየነው ኳርትዝም ቅጠል ነበረበት፤ ቅጠሉም አልዋሸም። አንዴ ከተገጠመ በኋላ ለእኛ ምንም ጉዳት የለውም። ጉዳቱ እኛ ቤት ሳይደርስ ሌላ ሰው ደረት ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ አንድ ዕቃ ለአካባቢ ይስማማል ሲሉኝ የምጠይቀው የማን አካባቢ እንደሆነ ነው፤ የገዢው ሳሎን ብቻ ከሆነ አልበቃኝም። ግራናይትም ሲሊካ አያጣም። ስለዚህ ከድንጋይ ቤት ከትልቅ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ገዝተን እዚያው በውኃ አስቆረጥነው። ባለቤቴ የማድ ቤቷ ድንጋይ ሁለት ዓይነት ቀለም እንዳለው ለእንግዳ ሁሉ በኩራት ታስረዳለች፤ ቁራጮቹ አንድ ዓይነት አልነበሩም።

ለማድ ቤቱ ወለል ሁሉም ቪኒል ይላል፤ ርካሽ ነው፣ ውኃ አይፈራም። ግን ፕላስቲክ ነው፤ ሲያረጅ መሬት ውስጥ ከመቀበር ሌላ ዕድል የለውም ማለት ይቻላል። እኛ ሊኖሊየም አደረግን። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ሊኖሊየም በ1860ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የተፈለሰፈ ሲሆን የሚሠራው ከተልባ ዘይት፣ ከቡሽና ከእንጨት ዱቄት ሆኖ ጀርባው የጁት ጨርቅ ነው። ዋጋው ከቪኒል ይበልጣል፣ የሚያነጥፈውም ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም። እንደተነጠፈ ሰሞን ይሸታል። ልጅ ልታግዘን ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ስትገባ አሸተተችና «የጾም ነው እንዴ ቤታችሁ?» አለች።

እናቴ ከዚህ የባሰ የሳቀችው ኮርኒሱ ላይ ነው። ጣሪያው ሥር ያለው የሙቀት መከላከያ ሳስቶ ነበር። በአሮጌ ቤቶች ጣሪያ ሥር አንዳንዴ ከሞንታና የሊቢ ማዕድን የወጣ፣ አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ቬርሚኩላይት የሚባል የማዕድን ሙቀት መከላከያ ስለሚገኝ መጀመሪያ ያንን አስመረመርን፤ የለም። ከዚያ ሴሉሎስ አስነፋን። ይህ ባብዛኛው የተፈጨ አሮጌ ጋዜጣ ነው፣ እሳት እንዳይዘው በቦሬት ጨው ተለውሶ። ሠራተኞቹ በቱቦ ሲነፉት እናቴ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «እኛ የጭቃ ቤታችንን ግድግዳ በአዲስ ዘመን ስንለጥፍ ድሆች ነበርን። እናንተ ገንዘብ ከፍላችሁ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። በዚያን ጊዜ ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ የፌዴራል መንግሥት ከዋጋው 30 በመቶውን ከግብር ይቀንስ ነበር፤ ከ2025 ማብቂያ በኋላ ግን ተሰርዟል።

የጋዝ ምድጃውንም ድስቱን በማግኔት ኃይል በሚያሞቀው ኢንዳክሽን የሚባል የኤሌክትሪክ ምድጃ ቀየርን፤ የጋዝ ነበልባል የሚለቀው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ለአስም አይበጅም። የብረት ምጣዱ በደንብ ሠራ። ጀበናው ግን ሸክላ ነው፤ ኢንዳክሽን ማግኔት የሚስበውን ብረት እንጂ ሸክላን አያውቅም። ለቡናው ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለብቻው ገዛን። የጭስ መሳቢያውን በተመለከተ ለአበሻ ቤት የምሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ጭሱን አጣርቶ እዚያው የሚመልሰውን አትግዙ፣ በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣውን አስገጥሙ። ቡና የሚቆላበት፣ በርበሬ የሚቁላላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ቤት ክፍተቱን ሁሉ ደፍኖ ጭሱን ካላስወጣ የቀለሙ ዜሮ ምን ያደርጋል?

ካቢኔት ፍለጋ ወደ መጋዘኑ የምትሄዱ ካላችሁ፣ የማድ ቤታችሁን ልኬት በኢንች ጽፋችሁ ያዙ፣ የመስኮቱንና የቧንቧውን ቦታ ጭምር። በተናጠል ሳይሆን በሙሉ ስብስብ ግዙ፤ አንድ ሣጥን ቢጎድል ተመሳሳዩን ማግኘት አይቻልም። መሳቢያዎቹን አውጥታችሁ ከሥር ተመልከቱ፤ ፊቱ እንጨት ሆኖ ጎኑ ችፑድ የሆነ ብዙ አለ። የጭነት መኪና ያለው ጓደኛም ይዛችሁ ሂዱ።