ጠብታ ቆጥሮ መጠቀም፦ ኢሴንሻል ኦይል በቤታችን

ኢሴንሻል ኦይል (ከተክል የሚወጣ መዓዛማ ዘይት) ገዝተው ቤት የወሰዱ ሰዎች ቅሬታ ከሁለት አይዘልም፤ «ምንም አልሸተተኝም» ወይም «ራሴን አሳመመኝ»። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፤ ጠብታው አልተቆጠረም፣ ወይም ዘይቱ እንዲሁ ውሃ ላይ ተንጠባጥቧል። ይህ ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሃድም። ባልዲ ውስጥ 10 ጠብታ ብትጥሉ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ መወልወያው መጀመሪያ የነካው ቦታ ላይ ሁሉንም ያራግፈዋል፣ ለቀረው ወለል የሚደርሰው ውሃ ብቻ ነው። 20 ጠብታ በግምት 1 ሚሊ ሊትር መሆኑን ያዙ። 5 ሚሊ የምትይዘው ትንሿ ጠርሙስ እንግዲህ 100 ጠብታ ያህል አላት፤ በአግባቡ ከተቆጠረች ወራት ታገለግላለች።

ከሁሉ በፊት የገዛችሁት ምን እንደሆነ እወቁ። ከቅጠል፣ ከአበባ ወይም ከሙጫ በእንፋሎት የተጣራ (የሎሚና የብርቱካን ከሆነ ከልጣጩ የተጨመቀ) ንጹሕ ዘይት አለ፤ በኬሚካል የተቀመመ ሽቶ አለ፤ በምግብ ዘይት የቀጠነም አለ። መርካቶ በሚሊ እየተቀዳ የሚሸጠው ሽቶ ሁለተኛው ነው፤ ለልብስ ይሁን፣ ለምንነግራችሁ ነገር ግን አይሆንም። ጠርሙሱ ላይ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ይፈለግ፤ ለባህር ዛፍ ዩካሊፕተስ ግሎቡለስ፣ ለትግራይና ለመተማ ዕጣን ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ።

ቤት ደግሞ በወረቀት ይፈተናል። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጉና እስከ ማግስቱ ተዉት። የባህር ዛፍ፣ የጠጅ ሳር ወይም የናና ዘይት ንጹሕ ከሆነ ተንኖ ይጠፋል፤ ቢበዛ ስስ ቢጫ ምልክት ይተዋል። ወረቀቱን ወደ መስኮት አንስታችሁ ስታዩት ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቅቤ የነካው የሚመስል ክብ ከቀረ የምግብ ዘይት ተጨምሮበታል። የዕጣን ዘይት ቶሎ የማይተን ከባድ ክፍል ስላለው ዘግይቶ ይደርቃል፣ በእሱ አትፍረዱ። ሰው ሠራሹን ሽቶም ይህ ፈተና አይለየውም፤ እሱም ይተናልና።

ቤት ውስጥ በብዛት የሚያገለግለው ርጭት ነው። ከፋርማሲ የሚገዛውን 70% አልኮል 100 ሚሊ በመርጫ ጠርሙስ ቅዱ፣ 20 ጠብታ የባህር ዛፍ ዘይት ጨምሩ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ ነቅንቁ። ጥርት ብሎ ከቀረ ተዋህዷል። ለማብዛት ብላችሁ ውሃ ከጨመራችሁበት ወተት ይመስላል፤ ያ ዘይቱ እየተለየ መሆኑን ይነግራችኋል። እንዲያ ከሆነ በየጊዜው ነቅንቃችሁ ካልረጫችሁ መጀመሪያ አልኮሉ፣ መጨረሻ ላይ ዘይቱ ብቻ ይወጣል፤ መጋረጃ ላይ የሚታየው ቅባታም ነጥብ የሚመጣው ከዚህ ነው። መጋረጃ፣ ፍራሽ፣ የጫማ ውስጥ፣ የቆሻሻ መጣያ ባልዲ ላይ መርጨት ይቻላል። ቫርኒሽ የተቀባ ጠረጴዛ ላይ አይሞከርም፣ አልኮል ቫርኒሹን ያነሳዋል። ከሰል፣ ሻማ ወይም የጋዝ ምድጃ በርቶ ሳለም አይረጭም፤ በአንዴ ይቀጣጠላል።

በክረምት ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ልብስ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ሁለት ቀን ሳይደርቅ ይቆይና የእርጥበት ሽታ ይይዛል። ሽታው እርጥብ ጨርቅ ላይ ከሚራቡ ባክቴሪያዎች ነው የሚመጣው፤ ዘይት ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ልብሱን በኦሞ ዘፍዝፋችሁ አታሳድሩ፤ ፎጣና የውስጥ ልብስ ጨርቁ ከቻለው 60 ዲግሪ በሆነ ውሃ ይታጠብ፣ ሲሰጣ በመካከሉ አየር ይለፍ። ዘይቱ የሚመጣው ከደረቀ በኋላ ነው። ትንሽ ጥጥ ላይ 3 ጠብታ የጥድ ወይም የላቬንደር ዘይት አድርጉ፣ ጥጡን ስስ ጨርቅ ውስጥ ቋጥሩት፣ ልብስ ሳይነካ ቁም ሳጥን ውስጥ ይንጠልጠል። በቀጥታ ልብስ ላይ የተንጠባጠበ ዘይት ያበላሻል፤ በተለይ ነጭ ሐበሻ ቀሚስ ላይ ቢጫው አይለቅም። በየ2 ሳምንቱ ይታደስ። ብል የሚበላው ሱፍ ነው፤ ጋቢ ጥጥ በመሆኑ ብዙም አይነካውም፣ ስለዚህ ጥጡን ኮትና የሱፍ ብርድ ልብስ አጠገብ አድርጉት። እንቁላሉ አስቀድሞ ካለ ዘይት አይገድለውም፤ ልብሱ ይራገፍ፣ ፀሐይ ይሙቅ።

የመታጠቢያ ቤት ሽታም በዘይት የሚባረር ይመስላል፣ አይባረርም። ከመታጠቢያው ሥር የታጠፈው ቱቦ፣ ሲፎን የሚባለው፣ ጉድጓዱ ውስጥ የቆመ ውሃ ይይዛል፤ ያ ውሃ ነው የፍሳሹን ሽታ ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚዘጋው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ወይም ብዙ ቀን ያልተነካ የወለል ፍሳሽ ላይ፣ ሲፎኑ ይደርቃል፣ መዝጊያው ይከፈታል። መድኃኒቱ 1 ሊትር ውሃ ማፍሰስ ነው። ለረጅም ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ላዩ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሩ፣ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ይሸፍነዋል። ውሃ ፈስሶ ሽታው ካልጠፋ ቱቦው ላይ ችግር አለ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራ። ሽታው ከጠፋ በኋላ ብቻ 5 ጠብታ የጠጅ ሳር ዘይት በአንድ የሻይ ማንኪያ ላርጎ ለውሳችሁ ፍሳሹ ላይ ጨምሩ። በረኪና ያፈሰሳችሁበት ቀን ግን አቼቶም ሆነ ሌላ ማጽጃ አይጨመር፤ በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ለወለል የምንመክረው ይኸው ነው፤ ዘይቱን መጀመሪያ በሳሙና መለወስ። 10 ጠብታ በአንድ የሻይ ማንኪያ ላርጎ ይለወስ፣ ከዚያ 5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይፍሰስበት። ሳሙናው ዘይቱን በትኖ ስለሚይዘው ሳሎኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሸታል።

ዕጣን ስታጨሱ በዘይት ለመተካት ካሰባችሁ ዘይቱን ከሰል ላይ አታንጠባጥቡ። ወዲያው ይነዳል ወይም ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ይሆናል። ስኒ ውስጥ የፈላ ውሃ ቅዱ፣ 2 ጠብታ የዕጣን ዘይት ጨምሩ፣ ረከቦቱ ጥግ ላይ አስቀምጡት። ውሃው እስኪቀዘቅዝ መዓዛው ይቆያል። ሽታው ከጭሱ ጋር አንድ አይደለም፤ እንፋሎት የሚያወጣው ቀላሉን መዓዛ ብቻ ስለሆነ ወደ ፍራፍሬ ያዘነብላል፣ ከባዱ ሙጫ እዚያው ይቀራል። በኤሌክትሪክ ዲፊውዘር (ውሃና ዘይቱን እንደ ጉም በሚበትን ዕቃ) ከሆነ ለ100 ሚሊ ውሃ ከ3 እስከ 5 ጠብታ ይበቃል፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ አጥፉት፣ መስኮት ገርበብ ይበል። ብዙ ሰዓት የበራ ዲፊውዘር ነው ራስ የሚያሳምመው፣ የአስም ሕመምተኛንም የሚቀሰቅሰው።

ለጉንፋን መታጠን የለመደ ሰው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ይወቅ፤ ከተማዋ ከፍታ ላይ ናት። ያም ቢሆን ያቃጥላል። ውሃውን ከምድጃ አውርዳችሁ 2 ደቂቃ ጠብቁ፣ ለ1 ሊትር 1 ጠብታ ባህር ዛፍ ብቻ፣ ዓይን ይጨፈን። ልጅ ፈጽሞ በዚህ አይታጠንም፤ ሳፋ ተደፍቶ የሚመጣው ቃጠሎ ከጉንፋኑ የባሰ ነው።

ቆዳ ላይ ንጹሕ ዘይት እንዳለ አይቀባም። ለ30 ሚሊ የሰሊጥ ወይም የኮኮናት ዘይት 6 ጠብታ ስታደርጉ 1% ይሆናል፣ 12 ስታደርጉ 2%። ከዚያ አትለፉ፤ የቅርንፉድ ከሆነ 3 ጠብታ ይበቃል። ኮኮናት ከ24 ዲግሪ በታች ስለሚረጋ እዚህ ጠዋት ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ደርቆ ታገኙታላችሁ፤ አልተበላሸም፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይቁም። በመጀመሪያ ክንድ ላይ ሞክሩና 24 ሰዓት ጠብቁ። የተጨመቀ የሎሚ ዘይትና የጤና አዳም ዘይት ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ፀሐይ ደግሞ ይብሳል። ነፍሰ ጡር ሴት ሐኪም ሳታማክር አትቀባ፣ ሕፃናትም አይቀቡ። ድመት ያላችሁ ቲ ትሪ የተባለውን ዘይት ቤት አታስገቡ።

ጠርሙሷ የሳል ሽሮፕ ስለምትመስል ልጅ ይጠጣታል። አንድ የሻይ ማንኪያ የባህር ዛፍ ዘይት ሕፃንን ራሱን ሊያስት፣ ሊያንቀጠቅጥም ይችላል። ከጠጣ አታስመልሱት፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባ ይገባል። ጠርሙሷን ይዛችሁ ቶሎ ሆስፒታል ሂዱ። ከልጅ እጅ የራቀ፣ የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ።

ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይሁን፣ ክዳኑ ጥብቅ፣ ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ የቆመ። ጎማ ያለው መንጠብጠቢያ ክዳን ላይ ለዓመት አይተው፣ ዘይቱ ጎማውን ይበላዋል። ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ የተቀዳ የሎሚ ዘይት ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል፣ ስታይሮፎም ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ወዲያው ያቀልጠዋል። የተከፈተበትን ቀን በቴፕ ጻፉበት። የሎሚና የብርቱካን 1 ዓመት ያህል ይቆያሉ፤ ሽታቸው ወደ ቀለም ማቅጠኛ ሲለወጥ ቆዳ ላይ አይሆኑም፣ ለቆሻሻ መጣያው ባልዲ አድርጓቸው።