46 ነው፣ 92 አይደለም

12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ላይ ያቃጠለኝ የኢንዛይም ስም አልነበረም። ቆጠራ ነው።

የዲኤንኤ መባዛቱን በሁለት ማታ ጨረስኩት። ሄሊኬዝ ይከፍታል፣ ፕራይሜዝ ማስጀመሪያዋን አጭር አርኤንኤ ያስቀምጣል፣ ፖሊሜሬዝ ይሠራል፣ ላይጌዝ ያያይዛል። ፖሊሜሬዝ በአንድ አቅጣጫ፣ ከ5′ ወደ 3′ ብቻ ስለሚሠራ አንደኛው ክር የሚሠራው በቁርጥራጭ ነው። የሜሰልሰንና የስታልን ሙከራ (ዲኤንኤ ሲባዛ አንድ አሮጌ ክር ከአንድ አዲስ ጋር እንደሚጣመር ያሳየውን) በሁለት ቀለም እስክሪብቶ አንዴ ብትስሉት አይረሳችሁም። ከሁለት ትውልድ በኋላ ግማሹ ዲኤንኤ ድብልቅ (አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል ክር)፣ ግማሹ ሁለቱም ክሩ ቀላል። በቃ።

የሴል ክፍፍል ላይ ግን ተበላሁ።

ቲቶሪያል የሚሰጡን መምህር ፎቶ ኮፒ ዎርክሺት ነበራቸው። አንዱ ጥያቄ፦ ጂ2 (ዲኤንኤው ከተባዛ በኋላ፣ ሴሉ ከመከፈሉ በፊት ያለው ጊዜ) ላይ ያለ የሰው ሴል ስንት ክሮሞሶም (የዲኤንኤ ጥቅል) አለው? መልሱ 92 ይላል። እጄን አውጥቼ «46 አይደለም እንዴ?» አልኩ። «ዲኤንኤው እጥፍ ሆነ አላልኩም? የመልስ ቁልፉን ልታርሚ ነው?» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። ተቀመጥኩ። እሳቸውን እስካሁን ይቅር አላልኩም፤ የበለጠ የሚያናድደኝ ግን የራሴ ነገር ነው። መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ገልጬ ማየት አቃተኝ። ቤት ገብቼ 92ን ሸመደድኩ።

ሞዴል ፈተና ላይ በዚሁ ጉዳይ አራት ጥያቄ መጣ። አራቱንም ሳትኩ። የሚያሳፍረው ደግሞ በሙሉ ልብ ነው ያጠቆርኩት።

ያን ቀን ማታ የእማዬን የልብስ መቆንጠጫ ይዤ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ክር ቆረጥኩ። ክሩ ዲኤንኤ፣ መቆንጠጫው ሴንትሮሚር፣ ማለትም ክሮቹ የሚያያዙበት ቦታ። 46 መቆንጠጫ ቤታችን ስለሌለ አራት ክሮሞሶም ያለው ሴል ሠራሁ። ዲኤንኤው ሲባዛ እያንዳንዱ መቆንጠጫ ላይ ሁለተኛ ክር ጨመርኩ። ክሩ ስምንት ሆነ። መቆንጠጫው? ያው አራት! ክሮሞሶም የሚቆጠረው በሴንትሮሚር ነው። ዲኤንኤ እጥፍ ሆነ ማለት ክሮሞሶም እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም። የሰው ሴል ጂ2 ላይ 46 ክሮሞሶም፣ 92 ክሮማቲድ (ማለትም ክሩ) አለው።

92 ክሮሞሶም ጭራሽ የለም ማለትም አይደለም። በማይቶሲስ (በተራው የሴል ክፍፍል) አናፌዝ በሚባለው ደረጃ ላይ ክሮማቲዶቹ ሲለያዩ እያንዳንዱ ክር የራሱን መቆንጠጫ ያገኛል። ሴሉ ለሁለት እስኪከፈል ድረስ 92 ነው። መምህሬ ቁጥሩን ያለ ቦታው ነው ያስቀመጡት።

ሚዮሲስም (የዘር ሴል የሚሠራበት ክፍፍል) በዚሁ ይፈታል። በመጀመሪያው ክፍፍል ከእናትና ከአባት የመጡት የክሮሞሶም ጥንዶች ይለያያሉ እንጂ መቆንጠጫው አይከፈትም፤ ስለዚህ 23 ክሮሞሶም፣ 46 ክሮማቲድ። በሁለተኛው ክሮማቲዶቹ ይለያያሉ፤ 23 ይቀራል፣ ባለ አንድ ክር። «ክሮሞሶም በግማሽ የሚቀንሰው መቼ ነው?» ካሏችሁ በመጀመሪያው ነው። እዚህ ብዙ ሰው ይሸወዳል።

አስተማሪዎች «መጽሐፉን ጨርሳችሁ ነው ወደ ጥያቄ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ የድሮ ማትሪክ ጥያቄ ሞክሩ፣ ተሳሳቱ፣ ከዚያ መጽሐፉን ግለጡ። ያኔ ምን እንደምትፈልጉ ታውቃላችሁ። የመልስ ቁልፍ ግን አትመኑ። ማን እንደጻፈው እንኳ አይታወቅም። ጥያቄው ደግሞ በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ክሮሞሶም ነው ክሮማቲድ ያለው፣ ቃሉን አስምሩበት። እኔ ከአራቱ አንዱን የሳትኩት በዚህም ነው።

ዋናው ፈተና ላይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተቀምጬ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ መቆንጠጫ ስስል ፈታኙ ቆሞ አየኝ። ምን መስሎት እንደሆነ እንጃ።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ቤት ሄጄ ነበር። ልጇ ዘንድሮ ተፈታኝ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያው ፎቶ ኮፒ ተዘርግቷል፤ ከመደጋገሙ ብዛት ፊደሉ ደብዝዟል። 92 ተከቧል። «መቆንጠጫ አላችሁ?» አልኩት።