የአባዬ ሚኒባስ አዲስ ጣሪያ

ማግኔቱ አልያዘም። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ክብ ማግኔት ነው። አባዬ ከኋላ በግራ በኩል፣ የሚኒባሱ ጣሪያ ወደ ታች በሚታጠፍበት ቦታ ለጠፈው። ደህና ብረት ቢሆን ጥብቅ ብሎ ይቀር ነበር። ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። አነሳውና አንድ ስንዝር ወደ ፊት ገፋ አድርጎ ሞከረ። እዚያም ወደቀ።

«ልጄ፣ ይሄ ብረት አይደለም» አለኝ። «ስቱኮ ነው።» የተጎዳ ቦታ የሚሞላበትን ልስን ማለቱ ነው።

ይሄ የሆነው ባለፈው ሚያዝያ ነው። መኪናው ሎውሩፍ፣ ማለትም ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ቶዮታ ሃይስ ነው፣ ባለ ስሪ ኤል ሞተር። አባዬ 17 ዓመት ሐዋሳ፣ ይርጋዓለም፣ ዲላ ሲመላለስበት ኖሯል። እኔና ወንድሞቼ ተምረን የወጣነው በዚህ መኪና ነው። ጉልበቱን ሲያመው መስመሩን ተወ። መኪናው ግቢያችን ውስጥ አቮካዶው ሥር ቆመ። ገዢ በመጣ ቁጥር አባዬ ዋጋ አልተስማማንም እያለ ይመልሳል። እኔ ግን ዋጋው እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ስለዚህ ሐሳብ አቀረብኩ። ወንበሮቹን አውጥተን አልጋ፣ ትንሽ ምድጃና የውሃ ማጠራቀሚያ እናስገባበት፤ ካምፐር እናድርገው አልኩት። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ላይ ነበር፣ መንገድ ዳር ተዝናንቶ አድሮ ግን አያውቅም። ላንጋኖን እንኳ የሚያውቀው ለመኪና ዕቃ አዲስ አበባ ሲመላለስ በመስኮት አይቶት ነው። ሁለት ቀን አሰበበት። በሦስተኛው ቀን ማግኔቱን ይዞ መጣ። አልጋ ከመሠራቱ በፊት ጣሪያው ይታይ አለ።

ስቱኮውን በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው ተገምሶ ወደቀ። አንድ ጣት ይወፍራል። ሥሩ ያለው ላሜራ እንደ ደረቀ ቅጠል በእጅ ይፈረፈራል። ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ ዝገቱን ቆርጦ በማውጣት ፋንታ በላዩ ላይ ስቱኮ ሞልቶ፣ ነጭ ቀለም ቀብቶ አስረክቦናል። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል። ትንሽ ከተሰነጠቀ ዝናቡን ስቦ ብረቱ ላይ ያቆየዋል። እኛ ድኗል ብለን ስንነዳው ብረቱ ከሥር ይበላ ነበር። ይሄ አሁንም ያናድደኛል። አሮጌ ሚኒባስ የምትገዙ ሰዎች ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ።

ዝገቱ የጀመረው ከፖርቶመጋላው፣ ጣሪያው ላይ ካለው የዕቃ መጫኛ ነው። ብዙ ጭነት እንዲሸከም ተብሎ እግሮቹ ጣሪያውን በስተው በብሎን ታስረው ነበር። ስምንት ቀዳዳ። አባዬ እያንዳንዱን በጣቱ እየነካ የጫነውን ነገረኝ። የሻሸመኔ ድንች፣ የዲላ አናናስ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሙሽራ ቁም ሳጥን። ጭነቱ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሲነቃነቅ ብሎኖቹ ቀዳዳውን እያሰፉት፣ ውሃው እየገባ። እኔ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። የትምህርት ቤት ክፍያዬ በእነዚያ ቀዳዳዎች በኩል ነው የመጣው።

መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ አንድ ላሜራ ሠሪ ወሰድነው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚለው። ቅጥቅጥ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ በአይሱዙ ሻንሲ ላይ ሙሉ አውቶቡስ ከላሜራ ያቆማል። መኪናውን ዞሮ አየና ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ይነሳ አለ። መጠገን ብሎ ነገር የለም።

ቀጥሎ ክርክር መጣ። እኔ ከፍ እናድርገው አልኩ፤ ውስጡ ቀጥ ብዬ መቆም ፈልጌ ነበር። የጋሼ ልጆችም ደገፉኝ፣ ቱቦላሬ (የብረት ቱቦ) አቁመን 50 ሴንቲ ሜትር ቁመት እንጨምርበት አሉ። አባዬ እንቢ አለ። ፖርቶመጋላው ላይ ብዙ ሲጫን መኪናው ኩርባ ላይ እንዴት እንደሚያጋድል፣ ሜዳው ላይ የጎን ነፋስ ሲመታው መሪው እንዴት እንደሚሳብ እጁ ያውቀዋል። «እኔ ነኝ የምነዳው። ተቀምጠን እናወራለን፣ ተኝተን እናርፋለን። መቆም ካስፈለገ ደጅ ሰፊ ነው» አለ። ክርክሩ በዚህ አለቀ። ዛሬ ሳስበው ልክ ነበር። ቁመቱ ባለመቀየሩ በእሱ በኩል የትራንስፖርት ቢሮ ጣጣም አልመጣብንም። የወንበሩንና የአገልግሎቱን ለውጥ በሊብሬው ላይ ማስመዝገብ ግን ግድ ነው። እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ጣሪያ የመኪናውን ሁለት ጎን አቆራኝቶ የሚይዝ ነው። ዝም ብሎ ከተቆረጠ ጎኖቹ ይከፈታሉ፣ የበሩ ፍሬም ይዛባል። ስለዚህ ጋሼ መጀመሪያ ከውስጥ ቱቦላሬ በመስቀል እያደረጋችሁ ወጥሩ ብሎ ልጆቹን አዘዘ። ከፊትና ከኋላ ወጠሩ። የጎኑን ተንሸራታች በር ግን ረሱት። ጋሼ በዚያ ሰዓት ለቅሶ ሄዶ ነበር። ግራይንደሩ ሥራውን ጨርሶ ጣሪያው ከተነሳ በኋላ በሩን ስገፋው አልዘጋም አለ። አንድ ጣት ያህል ሄዷል።

ጋሼ ሲመለስ አልተቆጣም። ሜትሩን አውጥቶ የበሩን ፍሬም ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለካ፣ ከዚያ ሌላኛውን ሰያፍ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። አንደኛው አጥሯል። በአጭሩ በኩል ክሪክ አስገብቶ ቀስ እያለ ገፋው። ትንሽ ይገፋል፣ ይለካል፣ እንደገና ይገፋል። አንድ ሰዓት ፈጀ። በሩ ድሮ አዲስ እያለ እንደሚዘጋው ጥርቅም ብሎ ሲዘጋ አባዬ አጨበጨበ። ይሄን የምጽፈው ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ጣሪያ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ከመቆረጡ በፊት ሁሉንም በሮች ወጥራችሁ፣ ሰያፎቹን ለክታችሁ፣ ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ጻፉት።

በዚያው ሌሊት ዘነበ። የሐዋሳ በልግ አይታመንም። ሸራ አልብሰነው ነበር፣ ግን ነፋሱ ያነሳዋል። አባዬ ጋቢውን ለብሶ፣ ጣሪያ በሌለው መኪና ውስጥ የሸራውን ጫፍ ይዞ አደረ። ሂድ ተኛ ብለው አልሰማኝም። እኔም አብሬው ተቀመጥኩ። ስለ እማዬ አወራን። እሷ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ሌሊት ብዙ አውርተን አናውቅም።

ላሜራው 1 ሜትር በ2 ሜትር ነው የሚሸጠው። ውፍረቱን 1 ሚሊ መረጥን። አንዱ 15 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። አራት ገባ፤ ትርፉ ተቆርጦ ሲወጣ ከ50 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ጋሼ በቁመት ሳይሆን በአግድም ነው የዘረጋቸው፤ መገጣጠሚያው በሙሉ አጥንት ላይ፣ ጣሪያውን ከሥር ከጎን ወደ ጎን በሚደግፈው ብረት ላይ፣ እንዲያርፍ። የፊተኛው ጫፍ ከኋለኛው በላይ ይደረባል። ቤት ቆርቆሮ ሲመታ እንደሚደረገው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ውሃውን የሚገፋው ነፋሱም መሆኑ ነው። ከስድስቱ የጣሪያ አጥንቶች አራቱ ደህና ነበሩ፣ ሁለቱን በእጁ አጥፎ ሠራ። የአጥንቶቹ ጉብታ እንዳለ ስለቀረ ጣሪያው መሃሉ ከፍ ይላል፣ ውሃ አይተኛበትም።

ላሜራው ከመቀመጡ በፊት የአጥንቱም የላሜራውም ፊት ዝገት መከላከያ ተቀባ። ከተበየደ በኋላ በአጥንቱና በላሜራው መካከል እጅ አይገባም። አጥንቶቹ ላይም ብየዳ አልነካም፤ የመኪና መስታወት የሚለጠፍበትን ጥቁር ማጣበቂያ አደረገ። ጣሪያው ኮረኮንች ላይ እንደ ከበሮ እንዳይጮህ ነው። የተበየደው ዳር ዳሩና መገጣጠሚያው ብቻ ነው። በኤሌክትሮድ ሳይሆን በሽቦ በሚበይደው ማሽን፣ እዚህ ነጥብ፣ ክንድ ያህል ርቆ ሌላ ነጥብ። አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ቀጭን ላሜራ ይጨማደዳል። መሃል ላይ መብራት እየጠፋ ሦስት ቀን ወሰደ። ከብየዳው በፊት ባትሪው ተፈታ፣ መስታወቶቹ በእርጥብ ከረጢት ተሸፈኑ፤ የግራይንደር ፍንጣሪ መስታወት ላይ ከተጣበቀ አይለቅም።

አንድ ነገር ላይ ግን ተከራከርኩ። አንደኛው ልጅ መገጣጠሚያውን የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ሊሞላበት ነበር። ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ብረት ያዝጋል፣ ቀለምም አይዝበትም። ያንኑ ጥቁር ማጣበቂያ እንዲጠቀም ለመንኩት። ጋሼ ሰምቶ «እህቴ ልክ ናት» አለ።

ነጭ ቀባነው። የሐዋሳ ፀሐይ ላይ ነጭና ጥቁር ጣሪያ በእጅ ሲነኩ ልዩነቱ ይታወቃል። ከውስጥ ውሃ የማይመጥ ፎም ለጠፍን። ስፖንጅ ይሻላል ያሉኝ ነበሩ፣ ግን ስፖንጅ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል። ሁለት ሰው ተኝቶ ሲተነፍስ የሚያድረው እንፋሎት ቀዝቃዛ ላሜራ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል፤ ያ ውሃ ከውስጥ ያዝጋል። አየር መውጫ ጣሪያው ላይ ልናወጣ ነበር። ጋሼ ትራፓኖውን ይዞ «የት ጋ ልብሳው?» ሲል አባዬ ተነሳ።

«አይበሳም።»

አልተበሳም። በምትኩ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የጎን መስኮቶችን ሁለት ጣት ከፍተን እናድራለን። የአሮጌው ጣሪያ ደህና ክፍል የዶሮ ቤት ክዳን ሆኗል። ቀዳዳዎቹ ያሉበትን ቁራጭ አባዬ ለብቻው ቆርጦ አስቀምጦታል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ላንጋኖ ወጣን። ምድጃው ገና አልተገጠመም፣ መጋረጃም የለውም። ከአሞራ ገደል፣ ከሐዋሳው የዓሣ ገበያ፣ የገዛነውን የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ጠቅልለን ይዘን ነበር፤ ቡናማውን ውሃ እያየን በላነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝናቡ መጣ። ከባድ ነበር። እኔ ነቃሁ፣ አባዬም ነቅቷል። በጨለማ እጁን ወደ ኋላ፣ ወደ ግራው ጥግ ሰደደ። መዳፉ ፎሙ ላይ፣ ጠርዙ ላይ፣ ከሥሩ ባለው ብረት ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ይሰማኛል።

«ደረቅ ነው» አለና ዞሮ ተኛ።