ጭቃው ቃሉን ይበላዋል

አርብ ማታ። እማዬ ተኝታለች። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ከመኝታ ቤቴ የሚመጣ ድምፅ በተዘጋ በር በኩል እየሰማሁ ነው፤ ስፒከሩን እዚያ ትቼው ነው የወጣሁት። እብደት ይመስላል፣ ግን ምክንያት አለው። ሳልጽፈው ካደርኩ ደግሞ እረሳዋለሁ።

ቴሌግራም ላይ አርባ ምናምን ሰው ያለባት ግሩፕ አለችኝ። ብዙዎቹ የሰፈርና የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ናቸው። በሳምንት አንዴ የሆነ እንግዳ ነገር እለጥፍላቸዋለሁ። ዘፈን ልበለው? ግጥም የለውም፣ ብዙ ጊዜ ምትም የለውም። አንድ ሰው መኝታ ቤቱ ውስጥ ብቻውን በኮምፒውተርና በጥቂት ሽቦ የሠራው፣ ሬዲዮ የማያጫውተው፣ ሰርግ ላይ ቢከፈት ሙሽራውን የሚያስለቅስ ዓይነት ድምፅ ነው። ሰዎቹ ያዩታል። መልእክቱን ስነካው 31 ሰው አይቶታል ይለኛል። መልስ ግን የለም፤ ቢበዛ አንድ አውራ ጣት። አንዴ አንዱ በውስጥ መስመር መጥቶ "ወንድሜ፣ ሰላም ነህ ግን?" አለኝ። ከልቡ ተጨንቆ ነው።

ብዙውን የማገኘው ባንድካምፕ ላይ ነው፤ ሙዚቀኞች ሥራቸውን ራሳቸው የሚሸጡበት ድረ ገጽ። እዚያ ዋጋውን የሚያወጣው ሠሪው ራሱ ነው። ድርጅቱ ከዲጂታል ሽያጭ በተለምዶ 15 በመቶ ይወስዳል፣ የክፍያ ማስተላለፊያው ይቀነሳል፣ የቀረው የሙዚቀኛው ነው። ኮቪድ ዓለምን በዘጋበት ሰሞን፣ መጋቢት 11 ቀን 2012፣ አርብ ዕለት፣ ያቺን ድርሻውንም ተወላቸው፤ ከዚያ ወዲህም በተመረጡ ወሮች የመጀመሪያውን አርብ እንደዚያው ያደርጋል። እኔ አርቡን ጠብቄ ዝርዝር አወጣለሁ እንጂ ከፋዩ እኔ አይደለሁም፤ ካርዴ ዶላር አይከፍልም። የምትገዛልኝ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። ፋይሉን ስትልክ ሁሌ አንድ ነገር ጣል ታደርጋለች። ባለፈው "ሦስት ዶላር ከፍዬ ፍሪጅ ሲያንኮራፋ ልኬልሃለሁ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ፍሪጅ ይመስል ነበር። ግን እኮ ፍሪጅም ሌሊት ጸጥ ብለው ሲሰሙት... ይቅር።

ግሩፑ የነቃው አንዴ ብቻ ነው፤ የራሳችንን ልጆች የለጠፍኩ ቀን። እንደገና ሙሉ (ስሙ ነው፣ የጽሑፍ ስህተት እንዳይመስላችሁ)፣ "ኢትዮጵያን ሬከርድስ" እያለ የሚሠራው፣ እና ሚካኤል ሰይፉ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2014 ዋሽንግተን ዲሲ ባለ 1432 አር በሚባል ትንሽ አሳታሚ በኩል ሥራ አወጡ፤ ነገሩንም "ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ" አሉት። ያን ቀን ስልኬ ሲጮህ ዋለ። የሚያውቁትን ድምፅ ሰምተው ነዋ። እኔም "በቃ፣ መንገዱ ይሄ ነው፣ እኛን የሚነካ ነገር ልፈልግ" አልኩ።

ፈልጌም አገኘሁ፣ ወይም ያገኘሁ መሰለኝ። ሐሊም ኤል-ዳብ የሚባል ግብጻዊ አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ተዋሰ። ቴፕ ገና እዚያ አልደረሰም። መሣሪያውን ይዞ የት ሄደ? የሴቶች ዛር ቤት። ወንድ አይገባም ነበርና ከጓደኛው ጋር እንደ ሴት ራሳቸውን ተከናንበው ነው ሾልከው የገቡት፤ ራሱ ነው የተናገረው። ከዚያ የቀዳውን ወደ ሬዲዮ ጣቢያው መልሶ፣ ግድግዳዎቹ የሚንቀሳቀሱ ክፍል ውስጥ እያጫወተ እንደገና ቀዳው፤ ዋናውን ድምፅ እየቀነሰ ማሚቶውን አስቀረ። ፓሪስ ላይ ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፅን ሙዚቃ ነው ብሎ ያሰማው ከዚህ አራት ዓመት ቆይቶ ነው። ዛሬ የምናገኘው ሁለት ደቂቃ ገደማ የሆነ ቁራጭ ነው።

ይኸው ሰውዬ ነው አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው፣ እ.ኤ.አ. በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተው! መሰንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱን፣ እምቢልታውን አንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው። የኦርኬስትራውን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ይህን ግን የነገረኝ አልነበረም። ደስታውም ንዴቱም አንድ ላይ መጣብኝ።

እናም ባለፈው አርብ ለጠፍኩት። ፋይሉን ብቻ ብለጥፈው ምን ነበረበት! ከላዩ አንድ ገጽ የሚሞላ ትምህርት ጻፍኩበት፤ ዓመተ ምሕረቱን፣ ሽቦውን፣ ፓሪስን፣ ሁሉን። አሁን ሳነበው ያሳፍራል። ሙዚቃ የሚያጋራ ሰው አይመስልም፣ "አያችሁ ምን እንደማውቅ" የሚል ሰው ነው የሚመስለው። 28 ሰው አየው። አንድ መልስ መጣ፦ "ፋይሉ የተበላሸ መሰለኝ፣ ድጋሚ ላከው።"

ረቡዕ ነው ደግሞ ሌላው የሆነው። እማዬ ምስር እየለቀመች ነበር፣ እኔ አጠገቧ ላፕቶፕ ላይ። ኢርፎኔ አንድ ጆሮው ሞቷል፣ ስለዚህ ያንኑ ቁራጭ በስፒከር ከፈትኩት። ገና ግማሽ ደቂቃ አልሞላም፣ እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

"ይሄ ዛር ነው።"

አልጠየቀችኝም፣ ነገረችኝ እንጂ።

"አጥፋው! በጾም ቀን ምን ጉድ ነው የምታመጣብኝ!" አማተበች። አጠፋሁት።

እኔ ገርሞኝ ቀረሁ። እዚያ ውስጥ አንድም የሚለይ ቃል የለም፣ ቢኖርም ዐረብኛ ነው፣ እሷ ደግሞ ዐረብኛ አትሰማም። እኔ ስለ ሰውዬው አንድም ቃል አልነገርኳትም። አርባ የተማረ ሰው የተበላሸ ፋይል ያለውን ነገር፣ በግማሽ ደቂቃ!

ከሰዓት ቡና ላይ ራሷ አነሳችው። ያደገችው ጎንደር ገጠር ነው። ጎረቤታቸው ባለዛር ሴትዮ ነበረች። ዛሩ የሚወርድ ሌሊት ልጆች ድርሽ አይሉም፤ አያቴ በጊዜ ታስተኛቸዋለች። ግን መደባቸው ከጎረቤቱ በኩል ካለው ግድግዳ ጋር የተጠጋ ነው። እንቅልፍ የለም። ጭብጨባው ይመጣል፣ የሴቶቹ የተቀባይ ድምፅ ይመጣል፣ በኋላ ሴትዮዋ ታጓራለች።

"ምን እያሉ ነበር?" አልኳት።

"ምኑን አውቄው! ጭቃው ቃሉን ይበላዋል። ዜማው ብቻ ነው የሚያልፍ።"

ይሄኔ ስለ ሰውዬው ነገርኳት፣ ተንቀሳቃሽ ግድግዳ ስላለው ክፍልም። ሲኒዋን አስቀመጠች። "ታዲያ ግድግዳ ሠራለታ" አለች፣ ምንም እንደማይገርም ነገር። ተከናንቦ መግባቱን ስነግራት ግን ሳቀች፣ እስከ እንባዋ። "ዛሩ አላየኝም ብሎ ነው?"

ሳቋ ሲያልቅ ደግሞ ቆይታ፣ "ሴቶቹስ?" አለች።

"ምን ሴቶቹ?"

"ያጓሩት ናቸዋ። እሱ ስሙ ቀረ፣ እነሱ ምን አገኙ?"

ስለ 15 በመቶ ሁሌ የምለፈልፈው እኔ አፌን ይዤ ቀረሁ። እውነት ነው፣ ዲስኩ ላይ ያለው ስም የእሱ ነው። ሰውዬውን አሁንም እወደዋለሁ፣ ግን ከረቡዕ ወዲህ ያቺን ሁለት ደቂቃ በከፈትኩ ቁጥር የማስበው ስለ ሽቦው አይደለም። ከማሚቶው ሥር ያለችውን ሴትዮ ነው፣ ጠዋት ተነስታ ምን እንደሠራች፣ ጎረቤቷ ግድግዳ ሥር ሳይተኛ ያደረ ልጅ ነበረ ወይ።

ዛሬ ስፒከሩን መኝታ ቤት አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ሳሎን ተቀመጥኩ። እማዬ ትክክል ናት። በኢርፎን ስሰማው ያልነበረ ነገር በበሩ በኩል መጣ፤ የሰው ድምፅ መሆኑ ብቻ፣ ብዙ ሰው መሆኑ፣ እኔ እዚያ ውስጥ አለመሆኔ።

ያን ረጅም ትምህርቴን ከግሩፑ አጠፋሁት። ፋይሉን ብቻ መልሼ ለጠፍኩና ከሥሩ እንዲህ አልኩ፦ "ሌላ ክፍል ከፍታችሁት በሩን ዝጉና ከውጭ ስሙት።"

የባለፈው ሳምንቱ ልጅ ወዲያው መለሰ። "አሁንም ተበላሽቷል።"

ምንም አላልኩም። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ደግሞ መጣ።

"ቆይ፣ ሴቶች ናቸው እንዴ?"

"አዎ" አልኩት።